ከሐጂ ኢድሪስ ሱቅ ሥር

በእኛ ቤት ዕቃ አይሞትም፤ ሹመቱ ነው የሚወርደው። ለፋሲካ የተገዛ ነጠላ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፤ ሁለት ዓመት ሲቆይ ገበያ መውጫ ይሆናል፤ ከዚያ ልጅ ይታዘልበታል፤ ጥለቱ ሲያልቅ የጋለ ድስት ይወርድበታል፤ በመጨረሻ በር ሥር ተነጥፎ እግር ይጠረግበታል። ያኔም ቢሆን ሚስቴ በላዩ ስታልፍ እያዘነች ነው። «እንዴት ያለ ነጠላ ነበር!» ትላለች፣ ከሥልጣኑ ስለተሻረ ሰው እንደምታወራ። እናንተ እንዲህ አይደላችሁም? ተዉ እንጂ! የብስኩት ቆርቆሮው መርፌና ክር፣ የዘይት ጀሪካኑ ውኃ ያልያዘበት ቤት ካለ ንገሩኝና ሄጄ በዓይኔ ልየው።

እኔ ሠዓሊ ነኝ። ሠዓሊ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳታስቡ፤ ለሆቴል ግድግዳ እሥላለሁ፣ ቱሪስት ሲመጣ ለቱሪስት እሥላለሁ፣ ቱሪስት ሲጠፋ ደግሞ «ትኩስ ዳቦ አለ» ብዬ እጽፋለሁ። በእኔ ሙያ ነጠላው ሸራ ነው። ሸራ ውድ ነው፤ ብር ተይዞም የሚታጣበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ገዢ ያላገኘ ሥዕል ነጭ ቀለም ይለብስና በላዩ ሌላ ይሣልበታል። ጎንደር ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ገብታችሁ የእኔን አንበሳ ካያችሁ፣ ከአንበሳው ሥር ፏፏቴ አለ፤ ከፏፏቴው ሥር ደግሞ ሠርጋቸው የፈረሰባቸው ሙሽሮች አሉ። ባለምግብ ቤቱ አንድ ሥዕል ገዝቶ ሦስት ነው የወሰደው። አላመሰገነኝም፤ አልነገርኩትማ።

ይህ ሥራ ሕግ የለውም ማለት ግን አይደለም። ቅዱስ ሥዕል ላይ አይቀባም። ረቡዕን በምክንያት፣ ዓርብን በድፍረት የምገድፈው እኔ እንኳ ያልተሸጡ ሦስት ቅዱስ ጊዮርጊሶች አልጋዬ ሥር አስቀምጫለሁ፤ ሸራ የቱንም ያህል ቢቸግረኝ እጄ ወደ እነሱ አይሄድም። ሰው ላይ ግን እቀባ ነበር። ሰው ላይ መቀባት ነውር ነው ያለኝ የለም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

ነገሩ የሚጀምረው ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ነው። አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ተምሬ የተመለስኩበት ዓመት ነበር፤ ጸጉሬ አብጧል፣ ልቤም አብጧል። አንድ ጠዋት ትክል ድንጋይ ከሚባል ገጠር የመጡ ገበሬ ሥራ ቤቴ በር ላይ ቆሙ። አያ ሞላ ይባላሉ።

«በወሬ ሰው የምትሥል አንተ ነህ አሉ?»

«ነኝ» አልኩ። ከዚያ ቀን በፊት ሞክሬው አላውቅም።

ሚስታቸው የጡት ልጅ ጥላባቸው ከሞተች ዓመት ሆኗታል። ፎቶ የላትም፤ አንድም። መታወቂያ እንኳ አላወጣችም፤ «የት ልሄድበት ነው?» ትል ነበር አሉ። አያ ሞላ የሚፈልጉት ልጂቱ ስታድግ «እናትሽ ይችት» ብለው የሚያሳዩአት ነገር ነበር። አስቀመጥኳቸውና እርሳሴን ስዬ መጠየቅ ጀመርኩ።

«ፊቷ እንዴት ነበር?»

«ሸጋ ነበር።»

«ዓይኗስ?»

«ሸጋ።»

«አፍንጫዋ?»

«እሱም ሸጋ ነው፤ ምነው?»

ሸጋ ቀለም አይደል፣ ብሩሽ አይነከርበት! ግማሽ ቀን በሸጋ አለቀ። በመጨረሻ «አያ ሞላ፣ ፊት ለፊት ተቀምጣ ሲያዩዋት ምን ትመስል ነበር?» ብላቸው አንገታቸውን ደፉ። «ፊት ለፊት መች አይቻት!» አሉ። እውነታቸውን ነው። መንገድ ሲሄዱ ጎን ለጎን፣ እሳት ዳር ሲቀመጡ ጎን ለጎን፤ ሰው እያየው ሚስቱ ላይ ዓይኑን ተክሎ የሚያፈጥ ባል በአገራቸው ነውረኛ ነው፤ ሰው በማያይበት ሰዓት ደግሞ መብራት የለም። ከጎን ግን ጠይቋቸው! ግንባሯ እንዴት ወጣ እንደሚል፣ አፍንጫዋ መሀሉ ላይ ጥቂት ጎበጥ ብሎ እንዴት እንደሚወርድ፣ ስትቆጣ የታችኛው ከንፈሯ እንዴት እንደሚቀድም፣ ከጆሮዋ ሥር በልጅነቷ እሳት የላሳት ጠባሳ ሳይቀር ነገሩኝ። አዘዞ ዘመድ ቤት እያደሩ ሦስት ቀን ተመላለሱ። እኔም ከጎን የነገሩኝን ከጎን ሣልኩት። ያኔ ቀለም በቢላ ጭኖ እንደ ግድግዳ መለሰን የዘመኑ ፋሽን ነበርና ከነጉራዬ ጫንኩት፤ አፍንጫዋ በጣት ይያዝ ነበር ማለት ትችላላችሁ።

በሦስተኛው ቀን ሥዕሉን ገልጬ አሳየኋቸው። ቀረብ ብለው አዩት። ከዚያ «እሷ ናት» አሉና ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ሠዓሊ በዕድሜው አንዴ ቢያገኝ የሚበቃውን ነገር እኔ በመጀመሪያ ዓመቴ አገኘሁት፤ ደረቴ ሊቀደድ ደረሰ። ታዲያ እንባቸውን ጠረጉና ሸራውን ዞረው በወዲያ በኩል ሄዱ። ጀርባውን አዩ። ተመልሰው መጡ።

«ሁለተኛውስ?» አሉ።

«የምን ሁለተኛ?»

«ዓይኗ።»

የእኛን አገር ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልብ ብላችሁ ካያችሁ ይገባችኋል። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያችኋል፤ ሰይጣኑ፣ ገራፊው፣ ሲኦል የሚወርደው ሁሉ በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይን ነው የሚሣለው። ይህን የገጠር ልጅ ፊደል ሳይቆጥር ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር፤ አዲስ አበባ አራት ዓመት ከርሜ ረሳሁት እንጂ።

«ምነው ልጄ?» አሉ አያ ሞላ፤ ድምፃቸው አልጠነከረም፣ እሱ ነው የከፋው። «አንጓች ምን በድላ ነው ከሲኦል ሰዎች የቆጠርካት? ሰው አስቀይማ አታውቅ። ልጂቱ አድጋ ‹እናቴ ምን አጥፍታ ነው?› ብትለኝ ምን እላታለሁ?»

እዚህ ላይ አንድ ሸጋ ሰው ቢሆን «ይቀመጡ፣ እናስተካክለዋለን» ይል ነበር። እኔ ግን ትምህርት ጀመርኩ። ስለ ዘመናዊ አሣሣል፣ ስለ ብርሃንና ጥላ፣ ስለ ፈረንጅ አገር ነገሥታት ሁሉ በጎናቸው መሣል አወራሁ። ጨርሼ «ካልፈለጉት ይተዉት» አልኩ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ተዉትና ሄዱ።

ሥዕሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አንድ ዓመት ተቀመጠ። ከዚያ ሐጂ ኢድሪስ መጡ፤ እዚሁ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር የሚኖሩ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። የፈለጉት አባታቸው የከፈቱትን የድሮ ሱቅ ነበር፣ ከነእንጨት በሩ፣ ከነድንጋይ ደረጃው። ትእዛዛቸው አንድ ነበር። «የምሰግድበት ክፍል ስለሚሰቀል ሰው እንዳታስገባበት። ሰው ብቻ አይደለም፣ ዶሮም አልፈልግ።» ያን ሰሞን ሸራ ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ግድግዳውን ዞር ብዬ አየሁ። አንጓች አለች። ነጭ ቀለም ቀባኋት፤ ነጩም ውድ ስለነበር በስሱ ነው የቀባሁት፤ በላይዋ ሱቁን ሠራሁ። ሐጂ ወደዱት፣ ሰቀሉት። እኔም ረሳሁት። በቃ፣ ይኸው ነው።

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ሽማግሌ ከአንዲት ወጣት ጋር ሥራ ቤቴ ገቡ። አላወቅኋቸውም።

«ሚስቱን ባንድ ዓይን የሠራህበት ሰውዬ ነኝ» አሉኝ።

ወጣቷ ያች የጡት ልጅ ናት፤ ስንዱ ትባላለች። ለጥር ልትዳር ነው። ታዲያ ሙሽራ ስትሆን እናት ትዝ ትላለችና አባቷን «እናቴ ምን ትመስል ነበር?» አለቻቸው።

«‹ሸጋ ነበረች› አልኳት» አሉ አያ ሞላ። «ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣልህ አለኝ። የዛሬ ሃያ ዓመት የሸጥኩትን በሬ የግንባሩን ነጭ አስታውሳለሁ። የሷ ፊት ግን ሄደብኝ። የሚገርምህ፣ ያኔ ሁለት ዓይኗ ካልሆነ ብዬ ተጣላሁህ፤ አሁን ያችን አንዷን ባገኝ አምላኬን ባመሰገንሁ። ስጠኝ፤ ለልጂቱ ላሳያት።»

ስንዱ እኔ ላይ ያለውን ዓይኗን አላነሣችም። በመጀመሪያ ለመዋሸት ሞክሬ ነበር፤ «እስቲ ልፈልገው» ብዬ ጓዳ ገብቼ ቆምኩ። ምን ልፈልግ! ተመልሼ ወጣሁና «ቀባሁበት» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«በላይዋ ሌላ ሣልኩባት፣ አያ ሞላ።»

አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። «እንግዲህ አንድ ጊዜ እኔ ቀበርኳት፣ አንድ ጊዜ አንተ» አሉና መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። አፈርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ልድገማት እንዳልል ደግሞ መልኳ እኔም ጋ የለም፤ ከእሷ በኋላ ስንት ሺህ አንበሳ ሥያለሁ። ስንዱ ናት መላ ያመጣችው። «የት ነው ያለው?» አለች።

ሐጂ ኢድሪስ ቤት ስንገባ መብራት ሄዶ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ቢሆንም መጋረጃው ወፍራም ነውና ክፍሉ ደብዘዝ ብሏል። ሐጂ ዛሬ ሰባን አልፈዋል። ሻይ አስቀርበው ጉዳያችንን ሲጠይቁ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ተናገርኩ። ሐጂ ሥዕሉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ሥዕሉን አዩ።

«ሰው የሌለበት ብዬህ አልነበረም?»

«ብለውኛል።»

«ዶሮም እንዳትጨምር ብዬህ ነበር።»

«ዶሮ የለበትም» አልኩ።

«ሱብሃነላህ! አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከሴት ሥዕል ጋር ሰግጃለሁ!» አሉና ሳቁ፤ ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «እኔስ ሳላውቅ ነው፣ አላህ ይምረኛል። አውቀህ ያደረግኸው አንተ፣ የራስህን ፈልግ!» ከዚያ ሳቃቸውን ተዉና ወደ አያ ሞላ ዞሩ። «ሌላ ፎቶ የላችሁም?»

«የለንም፣ ሐጂ።»

ሐጂ ተነሡ፤ ሥዕሉን ራሳቸው ከግድግዳ አወረዱና ፊቴ አስቀመጡት። «ፋቀው» አሉኝ።

አያ ሞላ ደነገጡ። «ሱቁስ?»

«ሱቁማ መንገድ ሲሰፋ ካቻምና ፈርሷል።»

«ፎቶ አለው?»

«ማን ለሱቅ ፎቶ ያነሣል! ይኸው ነው የቀረው። ግን ድንጋይና ጭቃ ነው፤ እሷ ሰው ናት። ፋቀው።»

«የአባት እጅ ያረፈበት ነው፤ አንዴ መፍረሱ አይበቃውም? አይሆንም» አሉ አያ ሞላ። ሐጂ «ይፋቅ» ይላሉ፣ አያ ሞላ «ተው» ይላሉ። አንዱ ያለችውን ሊሰጥ፣ ሌላው ላለመቀበል ሲታገል እኔ መሀል ከሥራ ቤቴ ያመጣሁትን ጥጥና ቀለም ማስለቀቂያ ቲነር ይዤ እንደ ጥፋተኛ ተንበርክኬአለሁ። «እስቲ ጥግ ላይ ልሞክር» ብዬ የደረጃውን ጫፍ በስሱ አሸት አደረግሁ። ጥጡን ሳነሣ የድንጋዩ ቡናማ መጣ፣ ነጩ መጣ፣ ከነጩ ሥር የነበረው የአንጓች ሥዕል ሰማያዊም አብሮ መጣ። ሁሉም ጥጡ ላይ ነው፤ በቦታው ባዶ ሸራ ቀረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። ብገፋበት ሱቁም ይሄዳል፣ አንጓችም ትሄዳለች። ነገርኳቸው። ሐጂ ሶፋቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። አያ ሞላ ለመሄድ መቋሚያቸውን አነሡ።

ስንዱ ጥጡ የበላውን ቦታ ልታይ ተንበርክካ የስልኳን ባትሪ አበራች፤ ብርሃኑን ከሸራው ጫፍ፣ ከጎን በኩል አስጠግታ። የተፋቀ አይመለስምና «ተይው» ልላት ዞር ስል፣ በሱቁ ግድግዳ ላይ ግንባር አየሁ።

ግንባር፣ ጎበጥ ያለ አፍንጫ፣ ቀደም ያለ የታች ከንፈር። ያኔ በጉራ የጫንኩት ቀለም እንዳበጠ ነው፤ ከላይ የቀባሁትን ነጭ ደግሞ በስስት አሳስቼዋለሁ። ፊት ለፊት ስታዩት ሱቅ ነው። ብርሃን ከጎን ሲመጣ እብጠቱ ጥላ ይጥልና ሴትዮዋ ትወጣለች። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ በበጎ ሐሳብ ከሠራሁት ሁሉ አንዱም እንዲህ አልሰነበተም፤ ያቆያት ጉራዬና ንፉግነቴ ነው።

«ይህን እኮ የግድግዳው ልስን ነው ብዬ ነው የኖርኩት!» አሉ ሐጂ። «አቤት፣ ልስኑን ሳይቀር አሳምሮ ሠርቶታል ስል!»

አያ ሞላ በልጃቸው ጎን መጥተው ቆሙ። «አንጓች» አሉ፣ ቤት ገብተው እንደሚጣሩ። ስንዱ ወደ አባቷ ቀና ስትል ብርሃኑም ቀና አለና የእናቷ ፊት ጠፋ፤ ዝቅ ሲል ተመለሰ። «አታንቀሳቅሽው! ይዘሽ ቁሚ!» ብለው ጮሁ፤ በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ሲጮሁ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ነው። ስንዱ ማልቀስ ጀመረች። «እማዬ ናት?» አለች። «ከጠባሳዋ በቀር ሁሏም» አሏት፤ ጠባሳው በሱቁ በር ተሸፍኗል።

ሐጂ ስልካቸውን አበሩና በዚያ ዕድሜያቸው ምንጣፉ ላይ ተንበርክከው ብርሃኑን ከጎን ያዙላት፤ ክንዳቸው ሲዝል በሌላው እጃቸው ደገፉት። ስንዱ በራሷ ስልክ ደጋግማ አነሣች። እኔም ጥፋቴን ለመካስ «ከዚህ ተነሥቼ አዲስ ልሥልልዎ፤ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኗ» አልኳቸው። አያ ሞላ በትዕግሥት አዩኝ። «ሁለተኛውን ከየት ታመጣዋለህ?» አሉኝ። ሥዕሉን በቦታው መልሰን ሰቀልነው። ሐጂ መስገጃቸውን ወደ ሌላው ክፍል ሲወስዱ «እኔ ነኝ እንጂ የምነሣው፣ እንግዳ አይነሣም» አሉ፤ አያ ሞላንም ለገበያ በመጡ ቁጥር ሳይገቡ እንዳያልፉ አስማሉዋቸው።

ከዚያ ወጥተን ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ገባን። መብራት መጥቷል። ባለፎቶ ቤቱ ምስሉን ከስንዱ ስልክ ወደ ኮምፒዩተሩ አስገባና አሰፋው። «አሪፍ የድሮ ሱቅ ነው» አለ። «ግድግዳው ላይ ግን የሆነ ጥላ ነገር ገብቶበታል። ችግር የለም፣ አንድ ደቂቃ ናት፣ ላጥፋው።» እጁን ወደ ማውዙ ላከ።

«እንዳትነካት!» አልን፣ እኔና አያ ሞላ እኩል።

ሰውዬው እጁን ሰበሰበ። ሁለታችንንም አየን፣ ሱቁን አየ። «ማንን?» አለ።

አያ ሞላ መቋሚያቸውን ለልጃቸው ሰጡና ጠጋ ብለው በጣታቸው መስታወቱን ሳይነኩ ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ ከንፈሯን ተከትለው አሳዩት። «ሚስቴ ናት» አሉት። «በሕይወቷ ፎቶ ተነሥታ አታውቅም፤ የመጀመሪያዋ ነው።»

ሰውዬው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ብዙ አየ። በመጨረሻ ታየችው መሰለኝ፤ ወንበሩን ወደ ማተሚያው አዞረ።

«እንግዲያውስ በትልቁ ነው የምናወጣት» አለ።